ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፦ አዲስ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ለምን አልነሳ አለ?

የመነሻ ጥያቄ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። የሰርግና የልዩ ልዩ ዝግጅት ቪዲዮ በማቀናበር የምተዳደር የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ጾሙ ተፈትቶ የጥር ሰርግ ከመግባቱ በፊት ያረጀውን ኮምፒውተሬን ለመተካት አስቤ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቼ በገዛ እጄ ገጣጠምኩት። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 9600ኤክስ ነው፤ እሱንና ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር5 ራሞችን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ማዘርቦርዱን፣ ቢ650 የሚባለውን ዓይነት፣ እዚሁ ከተማ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላዩም አዲስ ነው። ግራፊክስ ካርዱንና ዊንዶውስ 10 ያለበትን ኤስኤስዲ ግን ከአሮጌው ኮምፒውተር አውጥቼ ነው ያዛወርኳቸው።

ችግሩ ይህ ነው። ማብሪያውን ስጫን ፋኖቹ ሁሉ ይዞራሉ፣ የቦርዱ መብራትም ይበራል፤ ሞኒተሩ ግን ሲግናል የለም ብሎ መልሶ ይጠፋል። ድምፅ የለም፣ ጽሑፍ የለም፣ ኪቦርዱ ላይ ያለችው የቁጥር መብራት እንኳ አትበራም። ሁሉንም ነቅዬ ሁለት ጊዜ እንደገና ሰካሁ፤ ምንም ለውጥ አላየሁም። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ፣ ጥፋተኛው ዕቃ የትኛው እንደሆነ ባውቅ እንኳ ከዱባይ የመጣውን መልሼ ለመላክ የማልችል መሆኔ ነው። ከየት ልጀምር?

የመጡት መልሶች

ከላይ ያለውን ጥያቄ የለጠፍኩት በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. አጋማሽ ሲሆን፣ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ 41 መልሶች ተከታተሉ። ክሩ (የመልሶቹ ተከታታይ) ረጅም፣ አንዳንድ ቦታም አሳሳች ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይደናገር የተባለውን በተራ ቁጥሩ መሠረት በራሴ አንደበት አስፍሬዋለሁ። የተሳደቡትን ስድባቸውን ለራሳቸው ትቼላቸዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው በሩብ ሰዓት ውስጥ ነበር። ጸሐፊው ምንም ዓይነት ፍርድ ሳይሰጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ በቦርዱ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩት አራት ጥቃቅን መብራቶች መካከል በርታ የቀረችው የትኛዋ ናት? መብራቶቹ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ድራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ) እና ቡት (ማስነሻ ዲስክ) የሚል ጽሑፍ እንዳላቸው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ እነዚህን ክፍሎቹን አንድ በአንድ እንደሚፈትሽ፣ ፈተናውን ያላለፈው ክፍል መብራትም ሳትጠፋ እንደምትቀር አስረዳኝ። ዋጋቸው ከፍ ባሉ ቦርዶች ላይ በመብራቶቹ ፋንታ ወይም ከእነሱ ጋር ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት እንደሚኖር፣ በብዙዎቹም ላይ 55 ቁጥር ቦርዱ ራም እንዳላገኘ የሚገልጽ ምልክት እንደሆነ ጨመረልኝ። እኔ እነዚያን መብራቶች እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጌጥ ይመስሉኝ ነበር።

2ኛው መልስ ሰጪ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልነበረውም። ጥፋተኛው ፓወር ሰፕላዩ እንደሆነ፣ በገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ፓወር ሰፕላይ የተጻፈበትን ዋት እንደማይሰጥ፣ ስለዚህም ጊዜ ሳላጠፋ ሌላ እንድገዛ በሦስት መስመር ወሰነ። ይህን ሰው አትርሱት፣ ኋላ ላይ ይመለሳል። 3ኛው፣ ከዋሽንግተን አካባቢ የጻፈ ወንድም፣ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተንተርሶ የራሱን ገጠመኝ አወጋ። ከዓመታት በፊት ለወንድሙ ልጅ በላከው ኮምፒውተር ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ነበረ። በአሜሪካ ኤሌክትሪኩ 120 ቮልት ስለሆነ ማዞሪያው 115 ላይ እንዳለ ተላከ፤ አዲስ አበባ ላይ 220 ቮልት ሶኬት ላይ በተሰካ ቅጽበት ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና ክፍሉ በጭስ ተሞላ። ማስጠንቀቂያው ለሚላክ አሮጌ ዕቃ እውነት ነው። ሆኖም የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ፤ የእኔም እንዲህ ዓይነት ማዞሪያ የለበትም።

4ኛውን መልስ የጻፈችው በጥገና ሥራ የምትተዳደር እህት ናት፤ ክሩን ከመንገድ እንዳይወጣ የጠበቀችውም እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል በማለት ጀምራ፣ 2ኛውን መልስ በትህትና ግን ያለማወላወል አረመችው። ፋን መዞሩ የፓወር ሰፕላይን ጤንነት አያረጋግጥም፤ ስክሪን መጨለሙም ጥፋተኛነቱን አያሳይም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከትልቁ ባለ 24 እግር መሰኪያ ሌላ ለፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሄደው ባለ 8 እግር ገመድ በቦርዱ ላይኛ ጥግ መሰካቱ ነው። ይህ ገመድ ለሁለት የሚከፈል አራትና አራት ሲሆን፣ የግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ስድስትና ሁለት ነው፤ ይመሳሰላሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ የሚገባ አይደለም፣ በጉልበት ለማስገባት የሞከረ ሰውም ቦርዱን ያጣል። በዚሁ አጋጣሚ ሌላ ነገርም አሳሰበች። የሚነቀሉ ገመዶች ያሉት ፓወር ሰፕላይ ሲቀየር የአሮጌውን ገመድ ለአዲሱ መጠቀም አደገኛ ነው፤ ከቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም ከፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው አሰላለፍ ከአምራች አምራች ይለያያል፣ እሷም በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ሃርድ ዲስኮች በእጇ ገብተዋል።

እኔም በ5ኛው መልስ ምላሼን ሰጠሁ፤ ባለ 8 እግሩ ገመድ በትክክል ተሰክቷል፣ በርታ የምትቀረውም ሲፒዩ የምትለው ቀይ መብራት ናት። ፎቶም አያያዝኩ።

ቀይዋ መብራት ከታየች በኋላ የውይይቱ መንፈስ ተቀየረ። 6ኛው መልስ ሰጪ ፕሮሰሰሩን አውጥቼ ሶኬቱን እንድመረምር መከረኝ። በቀድሞው የፕሮሰሰር ሶኬት፣ በኤኤም4፣ እግሮቹ በፕሮሰሰሩ ላይ ነበሩ፤ የእኔ ቦርድ በሚጠቀመው ኤኤም5 ግን 1718ቱ ጥቃቅን እግሮች ያሉት በቦርዱ ሶኬት ውስጥ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ሲቀመጥ ትንሽ ካዳለጠ ሊጣመሙ ይችላሉ፤ የስልክ መብራት በጎን በኩል እያበሩ ቢያዩአቸው የተጣመመው ከረድፉ ወጥቶ ይታያል። ምክሩ ጨዋና ትክክል ነበር። 7ኛው ግን ገና ሲጀምር በቁጣ ነበር፤ ሰውን ሁሉ ካቻቪቴ አንሳ ከማለት በፊት የተጻፈውን ማንበብ ይቀድማል ባይ ነው። የቢ650 ቦርዶች ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ሲሆን፣ 9600ኤክስ ደግሞ የወጣው በኦገስት 2024 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ከፋብሪካ ወጥቶ በመደብር መደርደሪያ ላይ የሰነበተ ቦርድ በውስጡ ያለው ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ይህን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል። ቦርዱም ፕሮሰሰሩም ጤነኛ ሆነው ሳይግባቡ ሊቀሩ ይችላሉ ማለት ነው። 8ኛው መልስ ሰላምታ የማያውቅ ሰው ስለ ንባብ ባያስተምር ይሻላል የሚል ብቻ ነበር፤ ይህም ተገቢ ቢሆን እንኳ 7ኛው የተናገረው እውነት መሆኑን አይቀይረውም። በግሌ በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ያ ባለጌ መልስ ነው።

በ9ኛው ላይ ሳጥኑን አገላብጬ ያየሁትን ጻፍኩ። ቆየት ብለው የተመረቱት ሳጥኖች ለ9000 ራይዘን ዝግጁ መሆናቸውን የሚገልጽ ምልክት ይለጠፍባቸዋል፤ የእኔ ላይ የለም። በቦርዱ ላይ በትንሽ ወረቀት የተለጠፈውን የባዮስ ቁጥር ከአምራቹ የድጋፍ ገጽ ጋር ሳመሳክረው፣ ፕሮሰሰሬ የሚጠይቀው ባዮስ ከእሱ ብዙ እርከን የራቀ ሆኖ አገኘሁት። 10ኛው ተሳታፊ በዚህ ላይ ቀልድ ጣለ፤ እናት ሰሌዳ ተብላ ልጇን አላወቀችም አለ።

ቀልዱ ግን ሳይታሰብ ክሩን ለአንድ ቀን ያህል አስቶት ነበር። 11ኛው፣ በዕድሜ ጠና ያሉ የሚመስሉ ሰው፣ ማዘርቦርድ የሚለው ቃል ባለበት ቢቀር እንደሚሻል፣ እናት ሰሌዳ ግን ለጆሮ የሚከብድ ትርጉም እንደሆነ አስረዱ፤ 12ኛው ደግሞ ጋሼ ብሎ አክብሯቸው ከጀመረ በኋላ፣ አማርኛ ማስነሳትና መነሳት የሚሉ ያማሩ ቃላት እያሉት ቡት ማድረግ ማለት ለምን እንዳስፈለገን ጠየቃቸው። በዚህኛው ላይ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ኮምፒውተር ተነሳ ማለት ለማንም ይገባል። 13ኛው መልስ ወደ ጉዳዩ ለመመለስ ሞክሮ፣ ነገሩን ሁሉ ትቼ ያገለገለ ላፕቶፕ እንድገዛ መከረኝ።

ቁም ነገሩ የተመለሰው በ14ኛው ነው። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ባዮሱን በምን ማደስ ይቻላል? 14ኛው መልስ ሰጪ ባዮስ ፍላሽባክ የሚባለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ጻፈልኝ። የቦርዱ ጀርባ ላይ ለዚሁ የተለየ የዩኤስቢ ቀዳዳና አጠገቡ ትንሽ ቁልፍ አለ። አዲሱ የባዮስ ፋይል ከአምራቹ ገጽ ወርዶ፣ አምራቹ ባዘዘው ስም ተሰይሞ፣ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደራደር ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ገመዶች ተሰክተው ኮምፒውተሩ ሳይበራ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንድ ሲጫን መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል። ፕሮሰሰርም ራምም ባይኖር እንኳ ይሠራል፤ ሥራውን የሚያከናውነው በቦርዱ ላይ ያለ ሌላ ትንሽ ቺፕ ነውና።

15ኛው በዚህ ደነገጠ። እኛ አገር መብራት በማንኛውም ደቂቃ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ባዮስ እየታደሰ መብራት ቢሄድ ቦርዱ የሞተ ድንጋይ ሆኖ እንደሚቀር፣ እሱ ራሱም ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ቦርድ በዚህ መንገድ እንዳጣ ተናገረ። 16ኛዋ መልስ የ4ኛዋ እህት ናት፤ ፍርሃቱ ባዮስን ከውስጥ ለሚያድስ ሰው ትክክል ቢሆንም፣ በፍላሽባክ ግን መሃል ላይ ቢቋረጥ ያው ትንሽ ቺፕ ሥራውን ከመጀመሪያው ሊደግመው እንደሚችል አስረዳች። ቢሆንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ካለኝ እንድጠቀም፣ ከሌለኝም ጎረቤት እንድጠይቅ መከረችኝ። 17ኛው ደግሞ ለታሪክ ያህል አንድ ነገር አነሳ። ፍላሽባክ ባልነበራቸው ርካሽ ቦርዶች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ራይዘንን የሚሠራው ኤኤምዲ ቦርዳቸው አዲሱን ፕሮሰሰር ላላወቀላቸው ደንበኞች ባዮሱን እስኪያድሱ ድረስ የሚጠቀሙበት አነስተኛ ፕሮሰሰር በውሰት ይልክ ነበር። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ውሰቱ በጉምሩክ አልፎ እስኪደርስ ሰርጉ ተሰርጎ ሙሽሮቹ ልጅ ይወልዱ ነበር ሲል 18ኛው ጨመረበት።

19ኛውና 20ኛው መልሶች እርስ በርስ የተዋጉ ናቸው፤ በአጭሩ ልለፋቸው። አንዱ ኢንቴል ብገዛ ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይደርስብኝ ጻፈ። ሌላው የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ ምክንያት መረጋጋት አጥተው፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ፕሮግራም) ማሻሻያ ለማውጣትና ዋስትናውን በሁለት ዓመት ለማራዘም መገደዱን አስታወሰው። ያም በተራው እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች በሶኬታቸው ውስጥ መቃጠላቸውንና ኤኤምዲ አንደኛውን ቮልቴጅ በ1.3 ቮልት መገደቡን በተጨማሪ ጽሑፍ መዘዘበት። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ ለእኔ ጥያቄ ግን አንዱም መልስ አይደለም።

በ21ኛው እኔ ተመልሼ የደረስኩበትን አሳወቅሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ መብራቱ ሦስት ጊዜ ያህል ብልጭ ካለ በኋላ ሳይጠፋ በርቶ ቀረ። ምክንያቱን የነገረኝ 22ኛው ነው። ፍላሼ ባለ 64 ጊጋባይት ሲሆን፣ የዊንዶውስ መደበኛ የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ፍላሽ ፋት32ን አያቀርብም፤ እኔም ሳላስተውል በሌላ ዓይነት ፎርማት አድርጌው ነበር። ቤት ውስጥ የተገኘው ትንሽ ፍላሽ አባቴ በመኪናቸው የሚያዳምጡት የመዝሙር ፍላሽ፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ፣ ብቻ ነው። መዝሙሩን ወደ ላፕቶፕ ገልብጬ፣ ከጎረቤት በተዋስኩት ዩፒኤስ ላይ ሰክቼ እንደገና ሞከርኩ። መብራቱ ለአምስት ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ጠፋ። ኮምፒውተሩን ሳበራው ቀይዋ የሲፒዩ መብራት በራችና ወዲያው ጠፋች።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ቀጥላ ድራም የምትለው ብርቱካናማ መብራት በርታ ቀረች። አንድ ደቂቃ ተኩል ጠብቄ አጠፋሁት፤ አበራሁት፣ አጠፋሁት፣ እንደገና አበራሁት። ይህን በጻፍኩ ጊዜ 4ኛዋ እህት በ24ኛው መልሷ፣ እስካሁን ባላየሁባት ድምፅ፣ እጄን ከማብሪያው ላይ እንዳነሳ አዘዘችኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ዲዲአር5 ራም በኤኤም5 ቦርድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ፣ ወይም ባዮስ ሲታደስ፣ ቦርዱ ከራሞቹ ጋር እንዴት እንደሚናበብ አንድ በአንድ እየሞከረ ይለካል፤ ይህ ልምምድ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ ጥቁር ነው። እኔ ባጠፋሁት ቁጥር ልምምዱ ከዜሮ ይጀምራል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንዳልነካው፣ ቡና እንድጠጣ ነገረችኝ።

25ኛው መልስ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተቴን ከፎቶው ላይ ለቀመ፤ እስከዚያ ድረስ ፎቶዬን ሃያ ሰው አይቶት ማንም ያላስተዋለው ነገር ነው። ሁለቱን ራሞች ጎን ለጎን፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ሰክቻቸዋለሁ። አራት ማስገቢያ ባለው ቦርድ ላይ ግን ሁለት ራም የሚገባው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው፤ በመመሪያው ላይ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው የተጻፉት ማለት ነው። 26ኛዋ፣ ከቴል አቪቭ የጻፈች፣ በዚሁ ምክንያት ምንም ያልሆኑ ሁለት ጥንድ ራሞችን ወደ መደብሩ እንደመለሰችና ሻጩ ሦስተኛውን ጥንድ ራሱ ሊሰካላት ሲል ስህተቱ እንደተገኘ አወጋች። በዚያው እሷ ሌላም ገጠመኝ ነገረችን፤ ወንድሟ ለሁለት ቀን ስክሪን አጥቶ የተሰቃየው የሞኒተሩን ገመድ በግራፊክስ ካርዱ ፋንታ በቦርዱ ላይ ሰክቶ ነበር፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ በስሙ መጨረሻ ኤፍ ያለበት፣ የራሱ ግራፊክስ የሌለው ዓይነት ነው።

27ኛው የእኔ ነው። ራሞቹን አዛውሬ፣ አብርቼ፣ ክፍሉን ዘግቼ ወጣሁ። ባለቤቴ ሰዓት ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ በሰባተኛው ደቂቃ ከውስጥ ብርሃን እንዳየች ጠራችኝ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ! ጽሑፉ የስህተት መልእክት ቢሆንም እንኳ እልል ብላለች።

መልእክቱ የፕሮሰሰሩ ፋን ስህተት እንዳለበትና ለመቀጠል ኤፍ1ን እንድጫን የሚጠይቅ ነበር። ፋኑ ደግሞ ፊት ለፊቴ እየዞረ ነው። 28ኛው እንዳስረዳው፣ ቦርዱ የሚከታተለው ሲፒዩ ፋን ተብሎ የተጻፈበትን መሰኪያ ብቻ ነው፤ እኔ ለኬዝ ፋን በተመደበው መሰኪያ ላይ ስለሰካሁት፣ ቦርዱ ፕሮሰሰሩ ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ መስሎታል። 29ኛው ገመዱን ከማዛወር ይልቅ በባዮስ ውስጥ ገብቼ ማስጠንቀቂያውን እንዳጠፋው መከረኝ። በዚህ ላይ 30ኛው በጣም ተቆጣ፤ ይህ የትኩሳት መለኪያውን ሰብሮ ተሻለኝ እንደማለት ነው፣ ፋኑ አንድ ቀን ቢቆም ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ደርሶ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሰውየው ምክንያቱን በምን ያውቃል ሲል ጠየቀ። 29ኛው ለመከራከር ሁለት ጊዜ ሞከረና ተወው። ገመዱን ማዛወር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

የቀረው አራተኛዋ መብራት፣ ቡት የምትለዋ፣ ነበረች። ኮምፒውተሩ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ባዮስ ገጽ ይገባል፤ የሚነሳበት ዲስክ አያገኝም። 31ኛው መልስ ሰጪ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ አንደኛው የኤም2 (በቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ኤስኤስዲ) ማስገቢያ ሲያዝ ጥቂት የሳታ (በገመድ የሚያያዝ ዲስክ) መሰኪያዎች ሥራ እንደሚያቆሙ አስታወሰኝ፤ የእኔ ዲስክ ግን በባዮስ ዝርዝር ውስጥ ይታያል። ትክክለኛውን ምክንያት ያገኘው 32ኛው ነው። አሮጌው ዊንዶውስ የተጫነው በጥንቱ አሠራር፣ ኤምቢአር በሚባለው የዲስክ አከፋፈል ነው፤ አዲሱ ቦርድ ደግሞ እንደተሠራ የሚያስነሳው በአዲሱ አሠራር፣ በዩኢኤፍአይ፣ ጂፒቲ በሚባለው አከፋፈል የተዘጋጀውን ዲስክ ነው። መፍትሔውንም አብሮ ሰጠ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስቶ ሺፍትና ኤፍ10 ሲጫን በሚከፈተው የትእዛዝ መስኮት ይሠራል፣ ፋይል ሳያጠፋም ዲስኩን ይለውጠዋል። በቅድሚያ ግን የመፈተሻ ትእዛዙ ይሂድ፤ ዲስኩ ከሦስት በላይ ዋና ክፍልፋይ ካለው ፕሮግራሙ እሺ አይልም።

33ኛው በአንድ መስመር፣ ዲስኩን ሳልገለብጥ ምንም እንዳልነካ አስጠነቀቀ። ታዘዝኩት። 34ኛው፣ ከስቶክሆልም የጻፈ፣ የእሱን ክፉ ሌሊት አካፈለን። ፕሮሰሰር ከቀየረ በኋላ ሲያበራው፣ አዲስ ፕሮሰሰር መግባቱንና በውስጡ ያለው የደኅንነት ክፍል መረጃ መለወጡን የሚገልጽ መልእክት መጣ፤ ለማጽዳት ዋይ የሚለውን ፊደል መጫን ነበረበት። ሳያነብ ተጫነ። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ስለነበር ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀው፤ ቁጥሩ ከሁለት ቀን ፍለጋ በኋላ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተገኘ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኔ ዲስክ እንዳልተቆለፈ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። 35ኛው ደግሞ ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ወዲህ መደበኛ ድጋፍ እንደሌለው፣ አዲሱ ቦርድ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ሁሉ ስለሚያሟላ በንጹሕ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ መጫኑ እንደሚሻል አሳሰበ። ምክሩ ልክ ነው። ነገር ግን ያላለቁ የሁለት ሰርግ ሥራዎች በውስጡ ስላሉ፣ ለጊዜው ዲስኩን ወደ ጂፒቲ መለወጡን መረጥኩ።

36ኛው የእኔ ነው፤ ተነሳ። ዊንዶውስ ለጥቂት ጊዜ አዲሶቹን ዕቃዎች ሲያዘጋጅ ቆይቶ የለመድኩት ገጽ መጣ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮች ተነሱ። 37ኛው ቦርዱን የሸጠልኝን ሱቅ ስም እንዳወጣ ጠየቀኝ። አላወጣሁም፤ ቦርዱ ጤነኛ ነው፣ ሻጩም ሄጄ ስነግረው ከልቡ የማያውቀው ነገር እንደሆነ ገባኝ፣ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ሁለት ሳጥኖች ከፊቴ አውርዶ ምልክቱን ፈለገ፤ አንዱም ላይ አልነበረም። 38ኛው ደግሞ ራሞቹ በ4800 ፍጥነት እየሠሩ በመሆናቸው ኤክስፖ የሚባለውን፣ ራምን በተመረተለት ፍጥነት የሚያሠራውን የባዮስ ምርጫ አብርቼ ወደ 6000 እንዳሳድጋቸው ገፋፋኝ። 4ኛዋ እህት በ39ኛው መልሷ አልከለከለችኝም፤ ካበራሁት በኋላ ግን ሜምቴስት86 በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን እንዲፈተሹ፣ አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ወደ ነበረበት እንድመልሰው፣ የደንበኛ ሰርግ ከመጫኔ በፊት ይህን እንዳልዘለው አጠበቀችብኝ። በገና ዋዜማ ጠዋት የፈተናው አራቱም ዙሮች ያለ ስህተት ማለቃቸውን በ40ኛው ጻፍኩላት።

41ኛው የ2ኛው መልስ ሰጪ ነው። ክሩን እንደ አዲስ ሙሉውን እንዳነበበው፣ ሁሉም ነገር መፈታቱ እንዳስደሰተው ገለጸ፤ ይሁን እንጂ ፓወር ሰፕላዩን እስክቀይረው ድረስ እንቅልፍ እንደማይወስደው አልደበቀም። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ ብሎኝም ተሰናበተ።